ብርድ ሲበረታ ወደኋላ የሚቀር ሰዓት

በአሜሪካ የቆዩ ቤቶች ግድግዳ ላይ ከሚገኙት፣ ማሞቂያውን ከሚቆጣጠሩት ባለሰዓት ቴርሞስታቶች አንዳንዶቹ ግራ የሚያጋባ ጠባይ አላቸው። ሐምሌ ላይ ሰዓቱ ልክ ነው፤ ኅዳር ላይ ወደኋላ መቅረት ይጀምራል፤ ጥር ሲገባ ጭራሽ አይታመንም። ማሞቂያው ቤተሰቡ ወደ ሥራ ከወጣ በኋላ ይነሳል፣ ሌሊት ማረፍ ሲገባው ደግሞ ጋዝ ያቃጥላል። ባለቤቶቹ ዕቃው አርጅቷል ብለው ነቅለው ይጥሉታል። ብልሽቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለቀ ባትሪ ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ የተረዳ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጠግነው ይችላል።

ዕቃው ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1885 አልበርት በትስ የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ፣ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ የከሰል ምድጃውን የአየር መግቢያ በራሱ የሚከፍት መሣሪያ በሚኒያፖሊስ ሠራ። ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት፣ በክረምቷ ጭካኔ የምትታወቀው ከተማ ማለት ነው። ከዚህ ሥራ የበቀለው ኩባንያ ኋላ ሃኒዌል ሆነ። በ1906 ሰዓት ተጨመረለት፤ ሌሊት ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ ንጋት ላይ ይመልሳል። በ1934 ደግሞ በኤሌክትሪክ ሰዓት የሚሠራው ክሮኖተርም መጣ።

ባለሰዓቱ ቴርሞስታት ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በየካቲት 1977 ሹራብ ለብሰው በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ሕዝቡ የቤቱን ሙቀት ቀን ወደ 65፣ ሌሊት ወደ 55 ዲግሪ ፋራናይት እንዲያወርድ ጠየቁ፤ በሴልሺየስ 18 እና 13 ገደማ ነው። ምክሩ ዛሬም ይሠራል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ በቀን ለ8 ሰዓት ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ፋራናይት ዝቅ የሚያደርግ ቤት የዓመት የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ወጪውን እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ሰዓቱ ከቆመ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል።

በሳጥኑ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው ሙቀት መለካት ነው፤ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ጥቅልል በሙቀትና በቅዝቃዜ ይጠቀለላል፣ ይፈታል፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ሜርኩሪ የያዘች የመስታወት ብልቃጥ ያዘነብላታል፤ ሜርኩሪው ሲፈስ ሁለት ሽቦዎችን ያገናኛል፣ ማሞቂያው ይነሳል። ሁለተኛው የሰዓቱ ሥራ ነው፤ የ24 ሰዓቱን ገጽ ያዞራል፣ ገጹ ላይ የተሰኩት ችካሎች በየሰዓታቸው ቴርሞስታቱን ከቀን ሙቀት ወደ ሌሊት ያሸጋግራሉ። አንደኛው ሲበላሽ ሌላው ደህና ሊሆን መቻሉን ብዙዎች አያስተውሉም።

በቀደሙት ዕቃዎች ሰዓቱን የሚያዞረው ሄንሪ ዋረን የተባለ ፈልሳፊ በማሳቹሴትስ ያስተዋወቀው ዓይነት ሞተር ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስደው በሴኮንድ 60 ጊዜ ከሚመላለሰው የመብራት ኃይል ነው። ዋረን የኃይል ማመንጫዎቹ ራሳቸው ምታቸውን እንዲጠብቁ ብሎ በ1916 ቦስተን ውስጥ በአንድ ማመንጫ ጣቢያ ዋና ሰዓት አስተከለ። እንዲህ ያለ ሞተር ቀስ ብሎ መሄድ አያውቅም፤ ወይ በልኩ ይዞራል ወይ ይቆማል። ስለዚህ ወደኋላ ከቀረ በየመሀሉ እየቆመ ነው ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው በጥርሶቹ መካከል የደረቀ ግራሶ ነው፤ አሮጌውን ጠርጎ ጥቂት የሰዓት ዘይት መጨመር ይበቃዋል። ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ መጀመሪያ ቴስተር ይያዝ፤ በሰዓቱ ሁለት ሽቦዎች መካከል 24 ቮልት ገደማ ከሌለ ችግሩ ትራንስፎርመሩ ወይም መስመሩ ጋ ነው።

ለሞተሩ ግን ተጨማሪ ሽቦ ያስፈልግ ነበር፤ በብዙ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ ደግሞ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው። ኋላ የመጡት መሐንዲሶች መላውን ያገኙት እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ዕቃ ውስጥ እጅግ የሚደነቀውም ይህ ክፍል ነው። ማሞቂያው ጠፍቶ ሳለ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 24 ቮልት ይኖራል። በዳዮድና በሬዚስተር አልፎ ጥቂት ጅረት ይወጣል፤ ኒኬል ካድሚየም ባትሪዎችን ይሞላል፣ የጋዙን ቫልቭ ለመክፈት ግን አይበቃም። ማሞቂያው ሲነሳ ሁለቱ ሽቦዎች ይገናኛሉ፣ በመካከላቸው የነበረው ቮልት ይጠፋል፣ ሰዓቱም በባትሪው ብቻ ይሄዳል። ባትሪው ከሞተ እሳቱ በነደደ ቁጥር ሰዓቱ ይቆማል። ብርዱ ሲበረታ እሳቱ ረጅም ጊዜ ይነዳል፤ ሰዓቱም በዚያው ልክ ይዘገያል።

ጥገናው በብሬከሩ ይጀምራል፤ ኃይሉ ሳይቋረጥ ሽፋኑ አይከፈትም። 24 ቮልት ሰው ባይጎዳም ሽቦዎቹ ሲነካኩ ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥሉ ይችላሉ፤ በአውሮፓ አንዳንድ ቴርሞስታቶች ደግሞ 230 ቮልት ስለሚገባባቸው ለባለሙያ መተው አለባቸው። የሚተካው ባትሪ እንደ ቀድሞው ዳግም የሚሞላ መሆን አለበት። በሱቅ የሚገኘው ተራ አልካላይን ባትሪ መጠኑ ቢገጥምም እዚህ ቦታ አይገባም፤ ሰርኪዩቱ ሊሞላው ስለሚሞክር ይፈሳል። አሮጌው ፈስሶ ከሆነ የሚቀረው አረንጓዴና ነጭ ዝቃጭ አልካሊ ነው፤ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ የተነከረ ጥጥ ያመክነዋል፣ ከዚያ በአልኮል ይጠረጋል። በልቶ የበጠሰው መስመር ካለ በቀጭን ሽቦ ይቀጠላል፤ የመበየጃው ካውያ ግን በፕላስቲኩ ገጽ አጠገብ ብዙ መቆየት የለበትም። አዲስ ባትሪ ገብቶም ካልሞላ ዳዮዱና ሬዚስተሩ በቴስተር ይታዩ።

የሜርኩሪዋ ብልቃጥ በምንም መልኩ መነካት የለባትም። በውስጧ ወደ 3 ግራም ሜርኩሪ አለ፤ ብትሰበር ትነቱ መርዝ ነው። ዕቃው ሲወገድም ወደ ቆሻሻ መጣያ ሳይሆን አደገኛ ዕቃ ወደሚሰበሰብበት ቦታ ይወሰዳል። ወደ ግድግዳው ሲመለስ ደግሞ በውሃ ልክ መስተካከል አለበት፤ ትንሽ ካዘመመ ብልቃጧም ታዘነብላለች፣ ሙቀቱ ከተፈለገው ይለያል።

የመጨረሻው ሥራ ችካሎቹን መትከል ነው። በገጹ ላይ 6 ተብሎ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር 12 ሰዓት ነው፤ ቀንና ሌሊቱ ከተምታታ ቤቱ ቀን ሞቆ ሌሊት መቀዝቀዙ ቀርቶ ተቃራኒው ይሆናል። የሰዓቱ ቺፕ ራሱ ከተቃጠለ ደግሞ መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ነው። ያን ጊዜም ገጹን በእጅ ወደ ቀን ክፍል አዙሮ ችካሎቹን መንቀል ይቻላል፤ ሙቀት መለኪያው እንደ ተራ ቴርሞስታት መሥራቱን ይቀጥላል፣ የሌሊቱን ማውረድ ግን ከመኝታ በፊት በእጅ ማድረግ ይሆናል።