ለንግድዎ የትኛው ፎቶ? የሚባለውና እውነታው

በወላይታዋ ዲምቱ ከተማ ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም ፀጉር ቤት የከፈተ ሰው ባነር ሊያሠራ ወይም የቴሌግራም ቻናል ሊከፍት ሲነሳ «ጎበዝ ፎቶ አንሺ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ግን «ደንበኛዬ ፎቶውን አይቶ ምን ማወቅ ይፈልጋል?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል።

«ሠርግ አሳምሮ የሚያነሳ ሁሉንም ያነሳል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሠርግ ፎቶ አንሺ ቅጽበት ይይዛል፤ ከሙሽሮቹ ኋላ ያለውን ያደበዝዛል፣ ቀለሙንም ሞቅ ያደርገዋል። ለሠርግ ያምራል። ዱንጉዛ የተባለውን የባህል ጨርቅ ለሚሸጥ ነጋዴ ግን ኪሳራ ነው። የዱንጉዛ መለያው የቀይ፣ የጥቁርና የቢጫ ጥለቱ ነውና ቀለሙ ሲሞቅ ቢጫው ወደ ብርቱካን ያደላል። አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ ያዘዘው ሰውም ዕቃው ሲደርሰው «ያየሁት ይህ አይደለም» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ለዱንጉዛ የሚያስፈልገው የምርት ፎቶ ነው። ጨርቁ ነጭ ወይም ግራጫ መደብ ላይ ይዘርጋ፤ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ይበቃዋል። አምፖሉ ይጥፋ፣ ሁለቱ ብርሃን ሲቀላቀል ቀለም ይዛባልና። አንዱ ፎቶ ጨርቁን በሙሉ፣ ሌላው ሽመናውን ከቅርብ ያሳይ። ሦስተኛው ሰው ለብሶት ይሁን፤ ያለዚያ ገዢው ልኩን በግምት ነው የሚያዘው።

የምግብ ፎቶ ሌላ ሙያ ነው። የቁርጡ ወዝና የዳጣው ቅላት የሚታየው ብርሃኑ ከጎን ወይም ከኋላ ሲመጣ ነው፤ ፊት ለፊት የበራ ፍላሽ ሥጋውን ያገረጣዋል። አልጋ የሚያከራይ ደግሞ ክፍሉን ከልክ በላይ የሚያሰፋ ሌንስ ይጠንቀቅ፤ እንግዳው በሩን ሲከፍት መጠኑን ያየዋል።

«ቀትር ላይ ብርሃን ስለሚበዛ ፎቶ ያምራል»

ቀትር ላይ ፀሐዩ ከአናት ስለሚወርድ የሰው ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ የሱቁ በረንዳ ይጨልማል፣ ቆርቆሮው ያንጸባርቃል። ሱቅዎ ወደ ምሥራቅ ከዞረ ማለዳ፣ ወደ ምዕራብ ከዞረ አመሻሽ ላይ ያስነሱት።

«ሜጋፒክስሉ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ኤ4 ገጽ ላይ በጥራት ለማተም ወደ 9 ሜጋፒክስል ይበቃል፤ ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክም ይደርሳል። ጥራቱ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው መንገድ ላይ ነው። ቴሌግራም በተለመደው መንገድ እንደ ፎቶ የተላከለትን አሳንሶ ነው የሚያደርሰው፤ ባነር አታሚው ጋ የደረሰው ምስል የሚደበዝዘውም ለዚህ ነው። እንደ ፋይል ይላኩት፣ እንዳለ ይደርሳል።

«ደንበኛዬ ነው፤ ፎቶውን ብለጥፈው ምን አለበት?»

አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ሹሩባዋን የተሠራችው ልጅ ከፍላ ስለወጣች ብቻ ፊቷ የፀጉር ቤቱ ማስታወቂያ አይሆንም፤ ትጠየቅ፣ ፈቃዷም በጽሑፍ ይያዝ። ከኢንተርኔት የተወሰደ የሌላ ሰው ሥራም ነፃ አይደለም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ፎቶግራፍንም ይጠብቃል። ከራስዎ ፎቶ አንሺ ጋር ሲስማሙም ምስሉን ባነር ላይ፣ ቴሌግራም ላይ ወይም ሜኑ ላይ እንደሚያውሉት ውሉ ላይ ያስፍሩ።