አንዲት ጥምቀት፦ ስለ ጥምቀትና ስለ ድኅነት ካቶሊካውያንና ፕሮቴስታንቶች ምን ያስተምራሉ? እኛስ ምን እንላለን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከላሊበላና ከላስታ አጥቢያዎች ለትምህርትና ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡላቸዋል። አንዱ «ድነሃል ወይ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ሳታውቅ በሕፃንነትህ የተጠመቅኸው ምን ይጠቅምሃል?» የሚል ነው። ለእነዚህ በእልህ ሳይሆን በዕውቀት መመለስ ይገባል። ለዚህም አስቀድሞ ሌሎች የሚያስተምሩትን በትክክል መረዳት ያስፈልጋል፤ ያላሉትን አሉ ብሎ መከራከር ለእውነት መቆም አይደለምና።

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት

ጥምቀት ዳግም ልደት ነው። ጌታችን ከውኃና ከመንፈስ ያልተወለደ ሰው ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ እንደማይችል ለኒቆዲሞስ አስተምሮታል (ዮሐ. 3፥5)። ስለዚህ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ። ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ መግባታቸው ከክርስቶስ ጋር መቀበርንና መነሣትን ያሳያል (ሮሜ 6፥3-4)። በዚያው ዕለት ቅብዐ ሜሮን ይቀባሉ፤ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙንም ይቀበላሉ።

ካቶሊካውያን

ካቶሊካውያን ሕፃናትን ያጠምቃሉ። ጥምቀት ለድኅነት አስፈላጊ እንደ ሆነና ጥንተ አብሶን እንደሚያስወግድም በትሬንት ጉባኤ (እ.ኤ.አ. 1545-1563) ደንግገዋል። ይህ ከእኛ ጋር ያቀራርባቸዋል። ይሁን እንጂ በላቲኑ ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ ውኃው በራስ ላይ ይፈስሳል እንጂ ሕፃኑ አይነከርም፤ ሜሮንና ቁርባንም ልጁ ነፍስ እስኪያውቅ ድረስ ይዘገያሉ። ከሞት በኋላ ነፍሳት ፑርጋቶሪ በሚባለው የመንጻት ሁኔታ ያልፋሉ የሚለውን ትምህርታቸውንም አንቀበልም፤ ስለ ሙታን ግን እንጸልያለን።

ይህ ልዩነት ለላስታ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ወደ አገራችን መጥቶ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የጐበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በሌላ ስፍራ ያየውን የጥምቀት በዓል ሕዝቡ በየዓመቱ እንደ ገና እንደሚጠመቅ አድርጎ ጻፈ፤ ነገሩንም ተቃወመ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ዐፄ ሱስንዮስ በ1618 ዓ.ም. ለሮም ፓፓ መገዛታቸውን በአደባባይ በገለጹ ጊዜ፣ ኢየሱሳዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የተጠመቀው ሕዝብ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ አደረገ። ጥምቀትን መድገም ነውር ነው ያሉት ወገኖች ጥምቀታችንን ደገሙት።

በዚህ ጊዜ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ላስታ ተነሣ። ለዐመፁ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት፤ ዋናው ግን የአባቶች ሃይማኖት ነበር። በ1624 ዓ.ም. የንጉሡ ሠራዊት የላስታን ጦር ቢያሸንፍም፣ በሜዳው የወደቀው የገዛ ሕዝባቸው ነበርና ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ። ዛሬ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ጥምቀት እውነተኛ እንደ ሆነ ትቀበላለች።

ጥር 11 ቀን በላሊበላ ዮርዳኖስ የምንረጨው ውኃም ጥምቀትን መድገም አይደለም። የጌታን መጠመቅ እናስባለን፤ በረከትም እንቀበላለን።

ፕሮቴስታንቶች

ፕሮቴስታንቶች በጥምቀት ጉዳይ አንድ ቃል የላቸውም። ማርቲን ሉተር የሕፃናትን ጥምቀት አልሻረም፤ የሉተራን ትምህርት የምትከተለው መካነ ኢየሱስም ሕፃናትን ታጠምቃለች። እ.ኤ.አ. በ1525 በስዊዘርላንድ ዙሪክ የተነሡት አናባፕቲስቶች ግን የሕፃንነት ጥምቀትን ጥምቀት አይደለም ብለው በዐዋቂነት ተጠመቁ። በአገራችን ቃለ ሕይወት፣ ሙሉ ወንጌልና መሠረተ ክርስቶስ አምኖ የመሰከረን ሰው ብቻ ያጠምቃሉ። በእነርሱ ዘንድ ሰው የሚድነው ባመነ ጊዜ ነው፤ ጥምቀት የዚያ እምነት ምስክርነትና የመታዘዝ ምልክት ነው።

ለዚህ የምንሰጠው መልስ እንዲህ ነው። በብሉይ ኪዳን ሕፃን በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ቃል ኪዳኑን የሚያውቅለት ወላጁ ነበር፤ ቅዱስ ጳውሎስም ጥምቀትን ከግዝረት ጋር አያይዞ ያስተምራል (ቆላ. 2፥11-12)። በፊልጵስዩስ የወኅኒ ቤቱ ጠባቂ ከቤተ ሰቡ ሁሉ ጋር ተጠምቋል (ሐዋ. 16፥33)። ሕፃን የእናቱን ስም ሳያውቅ ጡቷን ጠብቶ ያድጋል፤ ጸጋም ከዕውቀታችን ይቀድማል።

ስለ ድኅነትም ቢሆን፣ በሥራችን ዋጋ ከፍለን እንድናለን አንልም። በልደት ዕለት በቤተ ማርያም ካህናቱ «ቤዛ ኵሉ» እያሉ ሲያሸበሽቡ የሚመሰክሩት የሁሉ ቤዛ ክርስቶስ መሆኑን ነው። ነገር ግን የተሰጠንን ልጅነት በእምነት፣ በምግባር፣ በንስሓና በቁርባን እንጠብቀዋለን፤ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነውና (ያዕ. 2፥26)። እንግዲህ «ድነሃል ወይ?» ላለን ሰው፦ በክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ ድነናል፣ በጥምቀት የልጅነትን ጸጋ ተቀብለናል፣ ዛሬም በጸጋው እየኖርን እስከ መጨረሻው ለመጽናት እንጋደላለን ብለን እንመልሳለን።

ይሁንና ጥያቄው እኛንም ይፈትሸናል። በ40 ቀኑ የቈረበ ልጅ አድጎ እስከ ሽምግልናው ከቅዱስ ቁርባን ቢርቅ፣ የክርስትና አባት ወይም እናት የሆኑትም ከጥምቀቱ ቀን በኋላ ልጁን ባያስተምሩ፣ ሕፃን ስለ ምን ይጠመቃል ለሚለን ሰው በአፍ የምንሰጠውን መልስ በኑሮ እናፈርሰዋለን። ጥምቀታችን አይደገምም፤ ስለዚህ ልንኖርበት ይገባል። የላስታ አባቶች ያልተጠመቃችሁ ናችሁ ሲባሉ ደማቸውን አፍስሰው እንቢ አሉ፤ ከእኛ የሚጠበቀው ልጆቻችንን ማስተማርና ራሳችንን ለቁርባን ማዘጋጀት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።