መብራት በመጥፋቱ የተረፈው ሰርቨር

እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 በየአገሩ ባሉ የሜርስክ ቢሮዎች የኮምፒውተር ስክሪኖች ተራ በተራ ጠቆሩ። ሜርስክ ኮንቴይነር በመርከብ ከሚያጓጉዙ ድርጅቶች ግንባር ቀደም የሆነ የዴንማርክ ኩባንያ ነው። በአንድ የዩክሬን የሒሳብ ሶፍትዌር ማሻሻያ ውስጥ ተደብቆ የተሰራጨው ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ቫይረስ፣ የኩባንያውን ኔትወርክ በጥቂት ሰዓታት ዳር እስከ ዳር አዳረሰው። የጭነት መኪኖች ወደብ በር ላይ ተሰለፉ፤ የትኛው ኮንቴይነር ውስጥ ምን እንዳለ የሚናገር ሲስተም ግን አልነበረም።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰው ዶሜይን ኮንትሮለር በሚባሉት ሰርቨሮች ላይ ነው። ሠራተኛው ማን እንደሆነ፣ የትኛውን ፋይል እንዲከፍት እንደተፈቀደለት የሚያውቁት እነዚህ ናቸው። ሜርስክ 150 ያህል ነበሩት። ሁሉም ተመሳሳይ መረጃ ይዘው እርስ በርስ ይናበቡ ስለነበር አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ታምኖባቸዋል። ሁሉም በአንድ ቀን እንደሚጠፉ ያሰበ አልነበረም። የሌሎች ሰርቨሮች ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ዕድሜ ኖሮት ተገኘ፤ የእነዚህ ግን የለም። ያለ እነሱ ደግሞ የቀረው አይነሳም።

በየአገሩ ስልክ ሲደወል፣ ሲፈለግ፣ አንድ ብቻ ተገኘ፤ ጋና። ቫይረሱ በተሰራጨበት ሰዓት የጋናው ቢሮ መብራት ጠፍቶበት ስለነበር ሰርቨሩ ከኔትወርኩ ተለይቶ ተርፏል። መረጃውን የማስመለሱ ሥራ ወደሚካሄድበት እንግሊዝ በኢንተርኔት ለመላክ ቢታሰብ መስመሩ ደካማ ነውና ቀናት ሊፈጅ ሆነ። ሰው ይዞት እንዳይሄድ የጋናዎቹ ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ አልነበራቸውም። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ ከጋና ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ ኤርፖርት ላይ ሃርድ ዲስኩን ለሥራ ባልደረባው አስረከበ፤ ያም ተሳፍሮ ለንደን አደረሰው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው በአሥር ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን እንደገና ሲጭን ሰነበተ። ኪሳራው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል።

ስለ ባክአፕ የሚነገሩ ታሪኮች ብዙዎቹ እንዲህ በአጋጣሚ የሚቋጩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 የፒክሳር ፊልም ስቱዲዮ ሠራተኞች «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለውን ፊልም ሲሠሩ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የፊልሙን ፋይሎች ዓይናቸው እያየ ጠራርጎ አጠፋቸው። ባክአፑን ሊመልሱ ቢሉ ለሳምንታት በትክክል ሳይሠራ መቆየቱ ታወቀ። ፊልሙን ያተረፈችው ከሠራተኞቹ አንዷ፣ ጋሊን ሰስማን ናት። ልጅ ወልዳ ከቤቷ ሆና ትሠራ ስለነበር የፊልሙ ቅጂ ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ እንደ አራስ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በመኪና ወደ ስቱዲዮው ተወሰደ።

የጊትላብ ታሪክ ግን ለማንኛውም የአይቲ ክፍል እንደ መማሪያ ሊቀመጥ የሚገባው ነው። ጊትላብ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት፣ ረጅም ሰዓት ሲሠራ የዋለ አንድ ባለሙያ በመጠባበቂያው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር አጠፋ። ስሕተቱን በሰከንዶች ውስጥ ቢያውቅም 300 ጊጋባይት ከሚሆነው መረጃ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ድርጅቱ አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ መንገድ ነበረው። ከአምስቱ አንዱም በሚያስተማምን ሁኔታ አይሠራም ነበር። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ቅጂ በሶፍትዌር ስሪት አለመጣጣም ምክንያት አይወሰድም ነበር፤ «አልተሳካም» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ይዞ የሚወጣውን ኢሜይል ደግሞ ተቀባዩ ሲስተም ውድቅ ያደርገው ስለነበር ማንም አላየውም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት አንድ ሠራተኛ ለሌላ ሙከራ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። በመካከሉ የተሠራው ሥራ፣ በ5,000 ያህል ፕሮጀክቶች ላይ የተደረገው ለውጥና የ700 ያህል አዲስ ተጠቃሚዎች ምዝገባ፣ ተመልሶ አልተገኘም። ጊትላብ የሆነውን ሳይደብቅ ለሕዝብ አሳወቀ፤ የማስመለሱን ሥራ እንኳ በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፈ። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል፤ ሌላው ድርጅት የሚማረው እንዲህ ከሚናገር ነውና።

የመብራት መጥፋት፣ የአንዲት እናት የወሊድ ጊዜ፣ ለሌላ ጉዳይ የተወሰደ ቅጂ። ዕቅድ የሚያስፈልገው እነዚህ አጋጣሚዎች በሌሉበት ቀን ነው፤ እንዲህ ያለው ቀንም መጥቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ ዳታ ሴንተር በእሳት ሲወድም፣ ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጡ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ በደቡብ ኮሪያዋ ዴጆን ከተማ በመንግሥት ዳታ ሴንተር ከባትሪ የተነሳ እሳት፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ የሚያስቀምጡበትን ሲስተም ከ858 ቴራባይት መረጃው ጋር በላው። መረጃው እጅግ ብዙ ስለሆነ ሌላ ቦታ ቅጂ አልተቀመጠለትም ነበር። በቴክኖሎጂ የምትጠቀስ አገር ላይ መድረሱ ለሚያነበው ሁሉ የሚያስደነግጥ ነው።

ታዲያ አንድ ድርጅት ከየት ይጀምር? ዕቃ ከመግዛት በፊት የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ መልሱም ያለው አለቆች ዘንድ ነው እንጂ አይቲ ክፍል አይደለም። የስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋ እንችለዋለን? ሥራ ሳንሠራ ስንት ሰዓት መቆየት እንችላለን? አንድ የቁጠባ ተቋም የግማሽ ሰዓት ገቢና ወጪ እንኳ ቢጠፋበት ከደንበኛ ጋር ይጣላል፤ ስለዚህ ቅጂው በየደቂቃው መወሰድ አለበት። የሥልጠና ማዕከል ግን የትናንት ማታ ቅጂ ይበቃው ይሆናል። ሁሉንም ፋይል በእኩል ደረጃ ለመጠበቅ የሚሞክር ገንዘቡን ይጨርሳል።

ከዚያ በኋላ ነው ባለሙያዎች ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚሉት ደንብ የሚመጣው። አጻጻፉን የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ያስተዋወቀው ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ዋናውን ጨምሮ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ። ሰርቨሩ አጠገብ የተሰካ ሃርድ ዲስክ ከግቢ ውጭ አይባልም፤ ሌባውም እሳቱም ሁለቱን አንድ ላይ ያገኛቸዋል። በየቢሮው የሚታየው ፍላሽ ላይ ገልብጦ መሳቢያ ውስጥ መክተት፣ ወይም ሰነድን በቴሌግራም ለራስ መላክ ከምንም ይሻላል፤ ግን ማን፣ መቼ፣ የትኛውን እንደገለበጠ የሚያውቅ የለም።

ከግቢ ውጭ ማስቀመጥ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ፎቶ እያነሳ ቅጂያቸውን አዲስ አበባና አሜሪካ ሚኒሶታ አስቀምጧል፤ እዚያ ሆነው ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ለዓመታት የደከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ዛሬ መረጃውን ውጭ አገር ባለ ክላውድ ለማኖር የሚያስብ ድርጅት ግን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አስቀድሞ ማንበብ አለበት፤ የሰዎችን የግል መረጃ ከአገር ስለማውጣት የሚለው አለና።

የሜርስክ ታሪክ በደንቡ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። እርስ በርስ የሚናበቡ ቅጂዎች ጥፋቱንም ይናበባሉ። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንጀለኞችም ዛሬ ገና ሲገቡ የሚፈልጉት ባክአፑን ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ከኔትወርኩ የተነቀለ፣ ወይም ለተወሰነ ጊዜ ማንም፣ አስተዳዳሪውም ቢሆን፣ ሊሰርዘው የማይችል መሆን አለበት። ቅጂው ከተቆለፈ ደግሞ ቁልፉ እዚያው ሰርቨር ላይ አይቀመጥም። አንድ ቅጂ ብቻ እየደረቡ መጻፍም አደጋ አለው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት የተበላሸ ፋይል ዛሬ ቢታወቅ የትናንቱ ቅጂ የሚመልሰው ብልሽቱን ነው። ለዚህ የቆየው ዘዴ «አያት፣ አባት፣ ልጅ» ይባላል፤ የወሩ፣ የሳምንቱና የዕለቱ ቅጂ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሰውን በአባቱና በአያቱ ስም ለሚጠራ ሕዝብ ለማስታወስ አይከብድም።

ጊትላብን የጣለው ነገር ግን የቅጂ ቁጥር አልነበረም። ቅጂው በትክክል መመለሱን የሞከረ አለመኖሩ ነው። «ባክአፕ አለን» የሚል ሥራ አስኪያጅ ባክአፑ ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሶ የተሞከረው መቼ እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል። ልምምዱ ብዙ ወጪ የለውም። ሥራ በማይበዛበት ቅዳሜ ባዶ ኮምፒውተር ይቀርባል፤ ሰዓት ይያዛል፤ ቅጂው በጽሑፍ ባለው መመሪያ ብቻ ይመለሳል፤ መላሹም ሲስተሙን ያቋቋመው ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ እሱ ሥራ ሊለቅ ወይም ሊታመም ይችላልና። መመሪያው፣ ስልክ ቁጥሮቹና ዋናው የይለፍ ቃል በወረቀት ታትመው ካዝና ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ኮምፒውተሩ በማይከፈትበት ቀን ነው የሚፈለጉት። ሲጨረስ የሒሳብ ሹሟ ትጠራለች። ያለፈውን ወር የደመወዝ ዝርዝር ከተመለሰው ዳታቤዝ ከፍታ ድምሩን ከተፈረመው ወረቀት ጋር ታመሳክራለች። የፈጀው ሰዓት፣ የጎደለው ፋይልና የቀጣዩ ልምምድ ቀን መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ እሷም ትፈርምበታለች።