አምስት ቀን ተኩልና ሦስት ሚሊዮን ዓመት



ኅዳር 15 ቀን በኦርቶዶክሳውያን ቤት የጾመ ነቢያት መግቢያ ነው። ነቢያት የመሢሑን መምጣት በናፍቆት ሲጠባበቁ የጾሙትን በማሰብ ምእመናን ከዚያች ዕለት አንሥተው እስከ ልደት ዋዜማ ይጾማሉ። በ1967 ዓ.ም. በዚችው ዕለት፣ በአፋር ምድር ሐዳር በተባለው ሥፍራ፣ ዶናልድ ጆሃንሰን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከተማሪው ከቶም ግሬይ ጋር በጠራራ ፀሐይ ሲመለስ በአንድ ተዳፋት ላይ የክንድ አጥንት ስባሪ አየ። ዙሪያውን ሲመለከቱም የራስ ቅል፣ የጎድን፣ የዳሌና የጭን አጥንቶች ተበትነው አገኙ። ዓለም ሉሲ፣ እኛ ድንቅነሽ የምንላት ይህች ናት።

የሁለቱ ነገሮች በአንድ ዕለት መግጠም የተለየ ምሥጢር አለው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሁለቱ ነገሮች ሁለት የተለያዩ የዘመን ቁጥሮችን ይዘው ወደ ቤታችን ይገባሉ። ጾሙ አዳም ተስፋ ከተሰጠው ጀምሮ የተቈጠረውን 5500 ዘመን ያስታውሰናል። አጥንቷ ደግሞ ሦስት ሚሊዮን ዓመት አልፎኛል ትላለች። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በአንድ ማዕድ ላይ እንዴት እናስተናግዳቸው?

በአዲስ አበባ የድንቅነሽ ምስለ አጥንት ከሚታይበት ከብሔራዊ ሙዚየም እስከ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያለው ርቀት በእግር የሚሄዱት አጭር መንገድ ነው። አንድ ልጅ በሳምንቱ ውስጥ ከመምህሩ ጋር ሙዚየሙን ይጎበኛል፤ እሑድ ከወላጆቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። በዚህ አጭር መንገድ መካከል ጥያቄው ይወለዳል። «አባባ፣ ድንቅነሽ አዳምን በዕድሜ ትበልጠዋለች?»

አባት ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ለመስጠት ይቸኩላል። አንደኛው «ዝም በል፣ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ኃጢአት ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «የሃይማኖቱ ነገር የድሮ ሰዎች ተረት ነው» የሚል ነው። የመጀመሪያው ልጁን ከትምህርቱ ጋር ያጣላዋል፤ ሁለተኛው ከእናት አባቱ እምነት ጋር ያጣላዋል። በሁለቱም ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ቤት እውነትን መጠየቅ እንደማይቻል። ስለዚህ መልስ ከመስጠት በፊት ሁለቱ ቁጥሮች ከየት እንደመጡና ምን እንደሚቈጥሩ ማወቅ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

የአበው ቁጥር

ቤተ ክርስቲያን እንደምታስተምረው አዳም ትእዛዝ አፍርሶ ከገነት በወጣ ጊዜ አምርሮ አለቀሰ። እግዚአብሔርም ንስሐውን ተቀብሎ በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጁ ተወልዶ እንደሚያድነው ቃል ኪዳን ሰጠው። አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቈጥሮ 5500 ዘመን ማለት ነው። ይህ ቁጥር በብራና ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ሊቃውንቱ በእንቁጣጣሽ ባሕረ ሐሳብ ሲያወጡ በዘመነ ምሕረቱ ቁጥር ላይ 5500 ደምረው ዓመተ ዓለሙን ያገኛሉ፤ ያንን ለአራት አካፍለው በቀሪው ዘመኑ የማቴዎስ፣ የማርቆስ፣ የሉቃስ ወይም የዮሐንስ መሆኑን ያውጃሉ። ለምሳሌ 2017 ሲደመርበት 7517 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋልና ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነበር። እንግዲህ የአዳም ዘመን ዛሬም የምንጾምበትንና የምናከብርበትን ቀን የሚያስይዘን ሕያው ቁጥር ነው።

የቁጥሩ ሥር በቅዱሳት መጻሕፍት የተጻፈው የአበው ትውልድና ዕድሜ ነው። ሰባው ሊቃናት ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ በተረጐሙት መጽሐፍ የአበው ዕድሜ ረዘም ያለ ስለሆነ ድምሩ ወደ አምስት ሺህ አምስት መቶ ይጠጋል። አይሁድ በዕብራይስጡ ተመርተው የዓለምን መፈጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት 3761 ላይ ያደርጉታል። በአየርላንድ የነበረው ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1650 ባሳተመው መጽሐፉ 4004 ብሎ ቈጥሯል። ሁሉም በአንድ ፈጣሪ የሚያምኑ፣ ሁሉም የኦሪትን መጽሐፍ የሚያከብሩ ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን ይለያያል። በቁጥሩ መለያየት ምክንያት «ፈጣሪ የለም» ያለ ከመካከላቸው አልተነሣም።

የእኛ አባቶች ቁጥር አንድ ልዩ ጠባይ አለው። የሚቈጥረው የተስፋን ዘመን ነው። የሚጀምረው ከአዳም ልቅሶ ነው፤ የሚያበቃውም በቤተ ልሔም ግርግም ነው።

የአመዱ ቁጥር

የሳይንስ ሊቃውንት ደግሞ ዘመን የሚቈጥሩት በድንጋይና በአመድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ እሳተ ገሞራ በየዘመኑ ሲፈነዳ አመዱ እንደ ምንጣፍ በምድር ላይ ይነጠፋል። በአመዱ ውስጥ ፖታሲየም የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ ከእርሱም ጥቂቱ በታወቀ ፍጥነት እየተለወጠ አርጎን የተባለ ጋዝ ይሆናል። ሊቃውንቱ በአመዱ ደቃቅ ማዕድን ውስጥ የተጠራቀመውን አርጎን ለክተው አመዱ ከወደቀ ስንት ዘመን እንደሆነው ያሰላሉ። ከአመዱ በላይ የተገኘ አጥንት ከአመዱ ያነሰ፣ ከበታቹ የተገኘ ደግሞ ከአመዱ የበለጠ ዕድሜ ይኖረዋል።

በዚህ መንገድ ድንቅነሽ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንዳስቈጠረች ይነገራል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ በሁለት እግሯ ቆማ የምትሄድ፣ የአንጎሏ መጠን ግን ከዝንጀሮ ወገን ከሆነው ከቺምፓንዚ ብዙም የማይበልጥ ነበረች። ከመላው አጥንቷ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። በታችኛው የኦሞ ሸለቆ በኪቢሽ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የሰው የራስ ቅል ደግሞ በአካሉ እኛን የሚመስል ነው። በ2005 የወጣው ጥናት ዕድሜውን 195 ሺህ ዓመት አድርሶት ነበር፤ በ2022 የወጣው ሌላ ጥናት ቢያንስ ወደ 230 ሺህ አሳድጎታል።

እዚህ ላይ በብዙ ሰው ዘንድ የሚሳሳቱ ሁለት ነገሮች አሉ። ሊቃውንቱ ሰው ዛሬ በጫካ ከምናየው ዝንጀሮ ተወለደ አይሉም፤ የሚሉት ሁለቱ ወገኖች እጅግ ጥንታዊ ከሆነ አንድ ግንድ ተለያይተው መጡ ነው። ድንቅነሽም የሁላችን ቀጥተኛ እናት መሆኗ ያለ ክርክር የተዘጋ ጉዳይ አይደለም። ሳይንስ ራሱን የሚያርም ዕውቀት ነውና ትናንት ያለውን ዛሬ ሊያሻሽል ይችላል። በእንግሊዝ አገር ፒልትዳውን በተባለ ሥፍራ ተገኘ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1912 ይፋ የሆነው የራስ ቅል አርባ ዓመት ያህል ካከራከረ በኋላ በ1953 የሰውና የዝንጀሮ አጥንት ተገጣጥሞ የተሠራ ማታለያ መሆኑ ተረጋግጧል። ያጋለጡትም ሳይንቲስቶች ራሳቸው ነበሩ። ይሁን እንጂ ይህን ስሕተት ይዞ የሐዳርን፣ የመካከለኛው አዋሽንና የኦሞን ግኝት ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አግባብ አይሆንም።

በእውነት የሚለያዩበት

ሁለቱን ለማስታረቅ ሲባል የሚነገር አንድ ቀላል መልስ አለ። «በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ስለሆነ ችግር የለም» ይባላል። ነገር ግን ስድስት ቀን ስድስት ሺህ ዓመት ቢሆን ሦስት ሚሊዮን አይሞላም። ይህ መልስ ሂሳብ የተማረውን ልጅ አያሳምነውም፤ መጽሐፉንም አያከብረውም።

ልዩነቱን በግልጽ መናገር ይሻላል። ቤተ ክርስቲያን ሰው በዕለተ ዓርብ በእግዚአብሔር እጅ ከምድር አፈር በአርአያውና በአምሳሉ ተፈጠረ ብላ ታስተምራለች፤ ከሌላ እንስሳ መጣ የሚለውን አትቀበልም። ሳይንስ ደግሞ የሰው አካል በረጅም ዘመን ቀስ በቀስ እየተለወጠ መጣ ይላል። አማኞች ለአዳም ነገር የሚቈረቈሩትም ለዘመን ቁጥር ብቻ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ክርስቶስን ከአዳም ጋር አነጻጽሮ በአንዱ የገባውን ሞት በአንዱ መዳን ይሽረዋል ብሎ ያስተምራል። ታዲያ የመጀመሪያው አዳም ከሌለ ዳግማዊው አዳም ማንን ሊያድን መጣ? የልደት በዓል ትርጉሙ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው። ይህን ስጋት «ኋላ ቀርነት» ብሎ የሚያልፍ ሰው ጥያቄውን አልሰማም ማለት ነው።

በሌላ በኩል በስሙ የምንቀድስበት ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ስድስቱ ቀናት ሥራ ዘጠኝ ድርሳናትን ደርሷል። ቅዱስ ባስልዮስ ቃሉን እንደ ተጻፈ የሚቀበል አባት ነው። ሆኖም በዘጠነኛው ድርሳኑ ሙሴ የምድርን ቅርጽና ዙሪያዋን ለክቶ ያልነገረን ለነፍሳችን የሚጠቅም ስላልነበረ ነው ይላል። በዘመኑ የነበረውን የተፈጥሮ ዕውቀት ያውቅ ነበር፤ በስብከቱም ተጠቅሞበታል። በቅርቡ ዘመንም በሩስያ ግዛት ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ቴዎዶስዮስ ዶብዣንስኪ በዘር ውርስ ጥናት እጅግ የታወቀ የዝግመተ ለውጥ ሊቅ ሲሆን ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያንም ነበር። በካቶሊካውያን ዘንድ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1996 የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ከመላ ምት ያለፈ መሆኑን ሲናገሩ የሰው ነፍስ ግን ከእግዚአብሔር እንጂ ከቁስ አካል እንደማትገኝ አጥብቀው አስገንዝበዋል። ይህን ማንሣታችን ሁሉም እንደ እነርሱ ያስብ ለማለት አይደለም፤ ጥያቄው ክህደትን የግድ የማያመጣ መሆኑን ለማሳየት ነው።

አጥንቱ የማይናገረው

የአገራችን ሊቃውንት ሰውን ሲተነትኑ አራት ባሕርያተ ሥጋና ሦስት ባሕርያተ ነፍስ አሉት ይላሉ። በሥጋው ነፋስ፣ እሳት፣ ውኃና መሬት ነው፤ በነፍሱ ለባዊ፣ ነባቢና ሕያው ነው፤ ማለትም ያስባል፣ ይናገራል፣ አይሞትም። በአራቱ ባሕርያት ከፍጥረት ሁሉ ጋር ዘመድ ነው። ሙዚየሙ የሚያሳየን ይህን ዘመድነት ነው። ሦስቱን ግን የአጥንት መለኪያ አያገኛቸውም።

ይሁንና አንዳንድ ጊዜ አጥንትም ወደዚያ ያመለክታል። በመካከለኛው አዋሽ ሄርቶ በተባለ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1997 የሁለት አዋቂዎችና የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ሕፃን የራስ ቅሎች ተገኙ። ቲም ዋይት፣ ዶክተር ብርሃነ አስፋውና ባልደረቦቻቸው በ2003 ይፋ ባደረጉት ጥናት ዕድሜያቸው ወደ 160 ሺህ ዓመት ይደርሳል። «ኢዳልቱ» የሚል የአፋርኛ ስም ሰጧቸው፤ ትርጉሙ «ሽማግሌ» ማለት ነው። በሕፃኑ የራስ ቅል ላይ ከሞተ በኋላ በድንጋይ መሣሪያ የተቈረጠ ምልክትና ደጋግሞ በእጅ ከመዳሰስ የመጣ የሚመስል ልስላሴ ታይቷል። ተመራማሪዎቹ ይህን ከሙታን ሥርዓት ጋር አያይዘውታል። እንግዲህ ያን የሕፃን ራስ ቅል አንሥቶ ያስቀመጠ፣ ደጋግሞም የዳሰሰ ሰው ነበረ። ያ ሰው ምን እያሰበ እንደዳሰሰው አርጎን አይነግረንም። ሕፃን ልጁን የቀበረ ሁሉ ግን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሌላም የሚገናኙበት አለ። የዘር ውርስ ጥናት እንደሚያሳየው ማናቸውም ሁለት ሰዎች በዘር ቅንጣታቸው 99.9 በመቶ ያህል አንድ ናቸው። የሰው ልጅም ከአንድ አህጉር፣ ከአፍሪካ ተነሥቶ በዓለም ተበተነ ይላል። ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 3 የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲቈጥር ከዮሴፍ ተነሥቶ ዳዊትን፣ አብርሃምንና ኖኅን አልፎ እስከ አዳም ከዚያም እስከ እግዚአብሔር ያደርሰዋል። የተወለደው ሕፃን የአንድ ነገድ ብቻ አለመሆኑን ማስረዳቱ ነው። ወንድሙን በቀለሙ ወይም በዘሩ የሚንቅ ሰው በወንጌሉም በሙዚየሙም ፊት ተረቺ ነው።

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። የመጽሐፍ ትርጓሜ የተማሩ አባቶቻችን አንዱን ቃል ሲተረጉሙ «አንድም» እያሉ ብዙ ፍች ጐን ለጐን ያስቀምጣሉ፤ ተማሪውም ሁሉንም ይይዛል። በትዕግሥት ማሰብ በእኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም። በበዓሉ ማዕድ ዙሪያ ልጁ ሲጠይቅ አባት እንዲህ ሊለው ይችላል። «ልጄ፣ የድንቅነሽን ዕድሜ አዋቂዎቹ በአመዱ ቈጥረው ነግረውናል፤ በደንብ ተማረው። አዳም አባታችን መሆኑን፣ አምስት ቀን ተኩል ተብሎ ተስፋ እንደተሰጠውና ተስፋውም ዛሬ ሌሊት እንደተፈጸመ አባቶቻችን ነግረውናል፤ ይህንንም ያዘው። ሁለቱ እንዴት እንደሚገጥሙ እኔ ልነግርህ አልችልም። አንተ ተማር፣ እኔም ካህኑን እጠይቃለሁ፣ ደግሞ እንነጋገራለን።»

እንዲህ የተባለ ልጅ ነገም ለመጠየቅ ወደ አባቱ ይመለሳል።

መልካም በዓል ይሁንላችሁ።