የእድራችን መዝገብ በማን ቤት ይቀመጥ?

ሙያዬ የሶፍትዌር ምሕንድስና ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን የመሥሪያ ቤት ሳይሆን የእድር ጉዳይ ነው።

እዚህ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የምንኖር ጥቂት ቤተሰቦች ያቋቋምነው እድር የአባላቱን ስም፣ የወር መዋጮና ቃለ ጉባኤ ለዓመታት ያስቀመጠው በአንድ ነፃ የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ነበር። አገልግሎቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንደሚዘጋ የሚገልጽ ኢሜይል ተላከ። የተላከው ግን ወደ ሌላ ስቴት ለተዛወረው የቀድሞ ጸሐፊያችን ስለነበር እኛ የሰማነው ስምንት ቀን ሲቀረው ነው። ተሯሩጠን ያወረድነው ፋይል ቁጥሮቹን ይዞ መጣ፤ በአማርኛ የተጻፈው ስም ሁሉ ግን የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቀረ። የትኛው መዋጮ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። በሳምንቱ የአንድ አባላችን እናት ደሴ ላይ አረፉ። «መዋጮውን አሟልቷል ወይስ አላሟላም?» የሚለው ክርክር ለቅሶ ቤት ድረስ ገባ። የገላገለን አንድ አዛውንት አባላችን በእስክሪብቶ ሲይዙት የቆዩት ደብተር ነው። እንደ ባለሙያ አፈርኩ።

ይህ የኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ኢሜይልን ወደ አሜሪካውያን ቤት ካስገቡት ቀደምት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ኮምፒዩሰርቭ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 እዚሁ ኮሎምበስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በኤ.ኦ.ኤል. እጅ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የቀድሞው አገልግሎቱ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ያሁ ጂኦሲቲስን ሲዘጋ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የግለሰብ ገጾች ከቦታቸው ጠፉ። ዛሬ «ክላውድ» የምንለው ነገርም ሰማይ ላይ ያለ አይደለም። ከከተማችን ወጣ ብላ ወደምትገኘው ኒው አልባኒ የሄደ ሰው የጉግልንና የሜታን ግዙፍ የመረጃ ማዕከሎች በዓይኑ ያያል። ሕንፃዎቹ ጠንካሮች ናቸው፤ ቁልፉ ግን በእኛ እጅ አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ።

ለመሆኑ ችግሩ ከምን ላይ ነው? በአገር ቤት እድር ጸሐፊ ይሾማል፣ ይሻራል፤ መዝገቡ ግን የእድሩ ነው። ጸሐፊው ሲለቅ አስረክቦ ይሄዳል። በኢንተርኔት ላይ ይህ ተገለበጠ። ጸሐፊው፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሠራው ኩባንያ፣ መዝገቡንም ቤቱ ወሰደው። ሲሄድ ይዞት ይሄዳል።

መፍትሔው ሁለቱን መልሶ መለያየት ነው። የዛሬ ብራውዘር ብቻውን ከባድ ፕሮግራም ማካሄድ ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ እንደ ማንኛውም ድረ ገጽ ወደ ኮምፒውተራችን ይወርድና ሥራውን እዚያው ይሠራል፤ ያወረደልን ሰርቨር ድርሻ በዚህ ያበቃል። መረጃው የሚቀመጠው ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ በመረጠው ሰርቨር ላይ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ተጠቃሚው ኢሜይል የሚመስል አድራሻውን ይጽፋል። ፕሮግራሙ በአድራሻው የተጠቀሰውን ሰርቨር «የዚህ ሰው ማከማቻ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ወደ ባለቤቱ ዞሮ «ይህ ፕሮግራም እድር የሚባለውን ማኅደር ማንበብና መጻፍ ይፈልጋል፤ ትፈቅዳለህ?» ይላል። ከተፈቀደ ለዚያ ማኅደር ብቻ የሚሠራ ቁልፍ ይሰጣል። ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ቁልፉን ይነጥቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው «አምጣ»፣ «አስቀምጥ»፣ «ሰርዝ» የሚሉ ሦስት ተራ ትእዛዞች ናቸው። እያንዳንዱ ፋይል የእትም ምልክት ስላለው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በአንድ ጊዜ ቢጽፉ የኋለኛው የፊተኛውን ሳያይ ሊደመስሰው አይችልም።

ይህን መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሚሂል ደ ዮንግ የተባለው ሆላንዳዊ ፕሮግራመር ሲሆን፣ ሪሞትስቶሬጅ የተባለው ስምምነት ከዚያ ጥረት የወጣ ነው። ድርን የፈለሰፈው ቲም በርነርስ ሊም ሶሊድ የተባለውን ፕሮጀክት የጀመረው በዚሁ አሳብ ነው።

ለኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ተጨማሪ ፋይዳ አለው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የጻፍነውን መጀመሪያ እዚያው በእጃችን ባለው መሣሪያ ላይ አስቀምጦ፣ መስመር ሲገኝ ወደ ሰርቨሩ እንዲልክ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ መዘጋቱን አንረሳውም። መስመሩ መልእክት እንዳንላላክ ቢያግደን እንኳ የገዛ መዝገባችንን ከማንበብ ሊያግደን አይገባም።

ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የራስ ሰርቨር ሞግዚት ይፈልጋል፤ ማደስ፣ ከሌባ መጠበቅ፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ማስቀመጥ የባለቤቱ ዕዳ ይሆናል። ቁልፍ የተሰጠው ፕሮግራምም ያነበበውን ወደ ሌላ ቦታ እንዳይገለብጥ የሚያግደው ነገር ስለሌለ፣ ፕሮግራሙን ማን እንደጻፈው ማወቅ አሁንም ግድ ነው።

ይህን ሁሉ አስቤ ለእድራችን ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። መዝገቡ በእድሩ ስም በተከራየነው ሰርቨር ላይ ተቀመጠ፤ ቅጂው በየሳምንቱ ወደ ገንዘብ ያዣችን ቤት ኮምፒውተር ይሄዳል። የተቀመጠውም ማንኛውም ፕሮግራም በሚያነበው ተራ ጽሑፍ፣ በዩኒኮድ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ ስማችንን በጥያቄ ምልክት ለመተካት ዛሬ ሰበብ የለም።

በስብሰባ ላይ ሳስረዳ ባለደብተሩ አዛውንት «ልጄ፣ አንተስ ብትሞት?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ቢሞት መዝገቡ አይሞትም፤ ሌላ ሰው ሌላ ፕሮግራም ይጽፍለታል» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ጸሐፊ ሆነሃል ማለት ነው» አሉ። ደብተራቸውን ግን አልተዉም፤ እኔም ተዉ አላልኳቸውም።

እድር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ማኅበር የምትመሩ ወገኖቼ፣ መዝገባችሁን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ አገልግሎት ነገ ቢዘጋ ምን ይዘን እንወጣለን? መልሱን ዛሬውኑ አውርዳችሁ፣ ፋይሉን ከፍታችሁ፣ ስማችሁን በአማርኛ አንብባችሁ አረጋግጡ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነውና።

ቸር ይግጠመን።

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ