ከላይኛው ጥርስ በስተጀርባ

እ.ኤ.አ. በ1651 እንግሊዛዊው ሐኪም ናትናኤል ሃይሞር ባሳተመው የሰውነት አወቃቀር መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ታካሚውን ያነሳል። ሴትዮዋ የላይኛው ክራንቻ ጥርሷ ከተነቀለ በኋላ ከቦታው የሚወርደው ፈሳሽ አልቆም አላት። ምንነቱን ልወቅ ብላ የብር ወስፌ ብትሰድበት ገባ። የላባ አገዳ ብትሰድበት እሱም ዘለቀ። አንጎሌ ደረሰ ብላ ደንግጣ ወደ ሐኪሙ ሄደች። እሱም ላባው የተጠቀለለው በጉንጭ አጥንቷ ውስጥ ባለ ባዶ ስፍራ መሆኑን አስረዳት።

ዛሬ ሳይነስ የምንለው ይህንን ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1489 ስሎት ነበር፤ ሥዕሎቹ ግን ለዘመናት ሳይታተሙ ቆዩ።

የሴትዮዋ ጥርስ ተነቅሎ ስለነበር መንገዱ ታየ። ጥርሱ ሳይነቀል፣ ሩት ካናል (ሥሩን ጠርጎ የመሙላት ሕክምና) ተሠርቶለት በቦታው ሲቀርስ? በአንዳንድ ሰው የላይኛውን መንጋጋ ጥርስ ሥርና ሳይነሱን የሚለያቸው አጥንት ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ሥሩን የሚጠርገው ቀጭን መሣሪያ፣ የማጠቢያው መድኃኒት ወይም መሙያው ጫፉን አልፎ ሊገባ ይችላል። ሥሩ ውስጥ የተረፈ ኢንፌክሽንም እንዲሁ። በ1970ዎቹ አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሴልደን ከታመመ የጥርስ ሥር ወደ ሳይነስ የሚዛመተውን ሕመም ለብቻው ስም ሰጠው። ምንጩ ጥርሱ ውስጥ እስካለ ድረስ ሳይነሱን ብቻ ማከም አያድንም።

ከዚያ የባሰው በ1980ዎቹ መጣ። የአውሮፓ ሐኪሞች በአንድ በኩል ብቻ ከታመመ ሳይነስ ውስጥ የሻጋታ ጓል ሲያወጡ፣ መሃሉ ላይ የጥርስ መሙያ አገኙ። መሙያው ውስጥ ያለው ዚንክ ሻጋታውን ሳያፋፋው አይቀርም ብለው ጠረጠሩ።

ሩት ካናል ጥርስን ከመነቀል የሚያድን ሕክምና ነው፤ አብዛኛውም በሰላም ያልቃል። የሚያሳስበኝ ጥርሱን አንዱ፣ አፍንጫውን ሌላው ሐኪም ማየቱ ነው፤ መሃል ያለችው ስስ አጥንት ባለቤት የላትም። ተራ ራጅም ጥርስና ሳይነሱን ደራርቦ ስለሚያሳይ ብዙ ይሰውራል፤ ሲቲ ስካን ይሻላል።

በጭሮም ሆነ በገለምሶ፣ በበዴሳም ሆነ በሂርና "ሳይነሴ ተነሳብኝ" ማለት የተለመደ ነው። መግሉና መጥፎ ሽታው በአንዱ አፍንጫዎ ብቻ ከሆነና በዚያው በኩል የታከመ የላይኛ ጥርስ ካለዎት፣ ሕክምናው ዓመታት ቢያልፉትም እንኳ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ወደ ሐረር ወይም አዲስ አበባ ሪፈር ከተጻፈልዎ የጥርስዎን ራጅ ይዘው ይሂዱ።