የግራፊክስ ካርድን ፍጥነት ስለ ማሳደግና ጽናቱን ስለ መጠበቅ

ኮምፒዩተር በየመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪናን ሥፍራ ከወረሰ ወዲህ፣ የአንድ መሣሪያ ዋጋ የሚለካው በብረቱ ክብደት ሳይሆን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በሚፈጽመው ስሌት ብዛት ሆኗል። ፊልምና ማስታወቂያ የሚያቀናብሩ ድርጅቶች፣ የሕንፃ ንድፍ የሚያወጡ አርክቴክቶች፣ የጨዋታ ቤት የከፈቱ ወጣቶች፣ እነዚህንም ሁሉ የሚያገለግሉ የኮምፒዩተር ነጋዴዎች ከመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ አብልጠው የሚጠይቁት ስለ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ካርዱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ዕቃ በመሆኑም፣ ባለቤቱ ሌላ አዲስ ከመግዛት ይልቅ በእጁ ያለውን አፍጥኖ ለማሠራት ቢመኝ የሚያስነቅፈው አይደለም።

ካርዱን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት በባለሙያዎች ዘንድ ኦቨርክሎክ ይባላል። ስለዚህ ሥራ ብዙ ይወራል፤ ይሁን እንጂ የሚወራው በአመዛኙ ስለ ተገኘው ፍጥነት እንጂ ስለ ጠፋው ጽናት አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ መመልከት ለነጋዴ የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ያስታውስልን።

ትርፍ ፍጥነት ከየት ይመጣል?

በካርዱ ላይ ያለው ቺፕ የሚሠራው እንደ ልብ ትርታ በማያቋርጥ ምት ነው። ለምሳሌ ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2020 ዓ.ም. ያወጣውን ጂፎርስ አርቲኤክስ 3080 እንውሰድ። ይህ ቺፕ ከ28 ቢሊዮን በላይ ትራንዚስተሮች አሉት። ፋብሪካው የመደበለት መነሻ ፍጥነት 1,440 ሜጋኸርዝ፣ በሥራ ጊዜ የሚደርስበት ደግሞ 1,710 ሜጋኸርዝ ነው፤ ይኸውም በሴኮንድ 1,710 ሚሊዮን ምት ማለት ነው። እያንዳንዱ ስሌት የሚቀጥለው ምት ሳይደርስ መፈጸም አለበት። ምቱ ከመጠን በላይ ሲፈጥን ስሌቱ ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል፤ የስሕተት ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

ታዲያ ፋብሪካው ፍጥነቱን ለምን ዝቅ አድርጎ ይመድባል? የዚህን ምክንያት የቡና ነጋዴ በቀላሉ ይረዳዋል። ከአንድ እርሻ የተለቀመ ቡና ፍሬው ሁሉ አንድ ዓይነት ባለመሆኑ በደረጃ እንደሚለይ፣ ከአንድ ፋብሪካ የሚወጡ ቺፖችም ጥንካሬያቸው ይለያያል። ለአንድ ደረጃ የሚወሰነው ፍጥነት በዚያ ደረጃ ውስጥ ያለው ደካማው ቺፕ እንኳ የሚችለው መሆን ይገባዋል። ብርቱው ቺፕ ግን ከተመደበለት በላይ ጥቂት ኃይል ተርፎት ይቀራል። ኦቨርክሎክ የሚያደርግ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ትርፍ ነው።

ይህ ትርፍ በቀድሞ ጊዜ እጅግ ሰፊ ነበር። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ ፕሮሰሰር በ300 ሜጋኸርዝ ተመድቦ ሲሸጥ፣ ብዙዎች በ450 ሜጋኸርዝ ሊያሠሩት ችለው ነበር። ዛሬ ግን እንዲህ ያለ ገበያ የለም። ኤንቪዲያ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ካርዶቹ ሙቀታቸውንና የሚወስዱትን ኃይል ራሳቸው እየለኩ ፍጥነታቸውን ከፍና ዝቅ እንዲያደርጉ ስላሠራቸው፣ ከትርፉ አብዛኛውን ካርዱ ራሱ ይጠቀምበታል። ለባለቤቱ የሚቀረው ጥቂት ፐርሰንት ብቻ ነው።

የትርፍና የኪሣራ ሒሳብ

ነጋዴ በጥቂት ፐርሰንትም ቢሆን ያተርፋል፤ ነገር ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ማስላት አለበት። አንድ የፊልም ሥራ ሳያቋርጥ 10 ሰዓት፣ ማለት 600 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። የካርዱ ሥራ በ5 ፐርሰንት ቢፈጥን 571 ደቂቃ ይሆናል፤ ትርፉ 29 ደቂቃ ነው። በአንድ ሌሊት ግን ካርዱ በዘጠነኛው ሰዓት ላይ ቢናወጥና ሥራው ከመጀመሪያው እንዲጀመር ቢያስገድድ፣ የሚጠፋው 540 ደቂቃ ነው። ይህም ከ18 ሌሊት የተጠራቀመውን ትርፍ በአንድ ጊዜ ያጠፋል። ደንበኛው ሥራውን በማለዳ ለመረከብ ቀጠሮ ይዞ ከሆነ ደግሞ ከደቂቃው ይልቅ የስሙ መጉደፍ ይብሳል።

ሁለተኛው ወጪ የኤሌክትሪኩ ነው። ቺፕ በሥራ ጊዜ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእኩል ሲጨምር፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ይጨምራል። ፍጥነቱን በ10 ፐርሰንት ለማሳደግ ቮልቴጁም በ10 ፐርሰንት እንዲጨምር ከተገደድን፣ ይህ ኃይል በ33 ፐርሰንት ያህል ይጨምራል ማለት ነው። ትርፉ አሥር፣ ወጪው ሠላሳ ሦስት! ይህም ሁሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ማቀዝቀዣውን ያስጨንቃል።

ይኸው ሒሳብ ወደ ኋላ ሲነበብ ግን ለነጋዴ መልካም ወሬ ይዟል። ብርቱ ቺፕ የተመደበለትን ፍጥነት እንደያዘ ቮልቴጁ በ10 ፐርሰንት ቢቀነስለትና ቢችለው፣ በሥራ የሚወስደው ኃይል በ19 ፐርሰንት ይቀንሳል። አንደርቮልት የሚባለው ይህ አሠራር ነው። ካርዱ ስለሚቀዘቅዝና ኃይሉም ስለሚበቃው ብዙውን ጊዜ ከፍተኛ ፍጥነቱን ሳይለቅ ረጅም ሰዓት ይሠራል። ሌሊቱን ሙሉ ለሚሠራ ድርጅት ከኦቨርክሎክ ይልቅ ይህ የሚሻልበት ጊዜ ይበዛል። ሆኖም ቮልቴጅ መቀነስም ጽናትን ሊያጓድል ስለሚችል፣ ከዚህ በታች የምንገልጸው ፈተና ለእርሱም ያስፈልገዋል።

የጽናት መጓደል ምልክቶች

ካርዱ ከአቅሙ በላይ መሄዱን የሚገልጹት ምልክቶች ከቀላሉ እስከ ከባዱ ብዙ ናቸው። በመስኮቱ ላይ ቀለማቸው የተሳሳተ ነጠብጣቦች ብልጭ ይላሉ፤ ምስሉ ይሰነጣጠቃል፤ ሥራው ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘጋል፤ ወይም ኮምፒዩተሩ ራሱ ጠፍቶ ይነሣል። ዊንዶውስ የተባለው ሥርዓት ካርዱ በ2 ሴኮንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን ራሱ እንደገና ያስነሣዋል፤ በዚህም ጊዜ መስኮቱ ለአፍታ ጨልሞ ይመለሳል።

ከእነዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ድምፅ የሌለው ስሕተት ነው። አርቲኤክስ 3080 የሚጠቀምበት ጂዲዲአር6ኤክስ ሜሞሪ የተሳሳተ መልእክት ሲያጋጥመው መልእክቱ እንደገና እንዲላክ ያደርጋል። ስለዚህ የሜሞሪው ፍጥነት ከልክ ሲያልፍ ኮምፒዩተሩ አይቆምም፤ በመስኮቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፍ ብሎ ሳለ እውነተኛው ሥራ ይዘገያል እንጂ። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ያተረፈ ይመስለዋል። እንዲሁም በአንድ የሕንፃ ሥዕል ጥግ ላይ የገባች አንዲት የተሳሳተች ነጥብ እስከ ኅትመት ቀን ሳትታይ ልትቆይ ትችላለች።

የአሠራሩ ሥርዓት

ለሥራው የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች በቀላሉ ይገኛሉ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የተባለው ፕሮግራም ያለ ዋጋ የሚገኝ ሲሆን፣ ሌሎች ኩባንያዎች የሠሯቸውንም ካርዶች ያስተካክላል። የኤኤምዲ ካርዶች ደግሞ ማስተካከያው በራሳቸው የድራይቨር ፕሮግራም ውስጥ አላቸው። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በዚህ ሥራ የሚቸኩል ሰው ሁለት ጊዜ ይደክማል።

አንደኛ፤ ምንም ሳይነካ ካርዱ በፋብሪካው ልክ ሲሠራ ሙቀቱ፣ ፍጥነቱና አንድ የታወቀ ሥራ የሚፈጅበት ጊዜ ተለክቶ በመዝገብ ይጻፍ። መነሻው ያልታወቀ ትርፍ ሊቆጠር አይችልም።

ሁለተኛ፤ የቺፑ ፍጥነት በትንንሹ፣ ከ15 እስከ 30 ሜጋኸርዝ እየተጨመረ በየጊዜው ይፈተን። ስሕተት በታየበት ቦታ ላይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። በስሕተቱ አፋፍ ላይ የቆመ ካርድ ዛሬ ቢሠራ ነገ ይወድቃል።

ሦስተኛ፤ ቺፑ ወደ ፋብሪካው ልክ ተመልሶ የሜሞሪው ፍጥነት ለብቻው ይፈተን። ሁለቱ በአንድነት ከተነኩ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሜሞሪው ሲፈተን መታየት ያለበት የተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ሥራው የፈጀው ጊዜ ነው፤ ጊዜው ማጠር ባቆመበት ቦታ ላይ መቆም፣ ጥቂትም መመለስ ይገባል።

አራተኛ፤ ሁለቱም ተጣምረው በረጅም ሥራ ይፈተኑ። ስሪዲማርክ የተባለው መፈተኛ አንዱን ትርኢት 20 ጊዜ ደጋግሞ ያሳይና፣ የፍጥነቱ መዋዠቅ ከ97 ፐርሰንት ጽናት በታች ካወረደው ካርዱን ይጥለዋል። ፈርማርክ የተባለው ደግሞ ካርዱን እጅግ የሚያሞቅ በመሆኑ ማቀዝቀዣን ለመፈተን ይጠቅማል። ነገር ግን ካርዱ ከኃይል ወሰኑ እንዳያልፍ ፍጥነቱን ራሱ ዝቅ ስለሚያደርግ፣ በዚህ ፈተና ያለፈ ካርድ ቀላል በሆነ ሥራ ላይ ፍጥነቱ ሲያሻቅብ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ ድርጅቱ በየቀኑ የሚሠራው የራሱ ሥራ ነው።

አምስተኛ፤ አዲሱ ልክ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር በራሱ እንዲጸና የሚታዘዘው ፈተናው ሁሉ ካለቀ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይደለም።

ስለ ሙቀት፣ ስለ አቧራና ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል

ለአርቲኤክስ 3080 ቺፕ ኩባንያው የወሰነው የሙቀት ጣሪያ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደዚህ ወሰን የሚጠጋ ካርድ ፍጥነቱን ራሱ ስለሚቀንስ፣ ኦቨርክሎክ የተደረገበትን ምክንያት ከንቱ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በዚያው ዙር የሚሽከረከር ፋን የሚያስወግደው ሙቀትም በዚያው መጠን ያንሳል። ድሬዳዋ ደግሞ ዝቅ ብላ አየሯ ወፈር ያለ ቢሆንም የክፍሉ ሙቀት ራሱ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ሰው የተጻፈ ቁጥር እንዳለ ተቀድቶ አይሠራም። በነሐሴ ብርድ የጸና ካርድም በሚያዝያ ሙቀት ሊናወጥ ስለሚችል በዓመት ሁለት ጊዜ መፈተን፣ አቧራውንም በየጊዜው ማራገፍ ያስፈልጋል።

ኃይል የሚያቀርበው ፓወር ሰፕላይም መዘንጋት የለበትም። አርቲኤክስ 3080 በፋብሪካው ልክ 320 ዋት ስለሚወስድ፣ ኤንቪዲያ ለመላው ኮምፒዩተር የ750 ዋት ፓወር ሰፕላይ እንዲኖር ይመክራል። ባለ 8 እግር ማገናኛ የተወሰነለት 150 ዋት፣ የማዘርቦርዱ ሶኬት 75 ዋት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ገመድ ሁለት ማገናኛ ከመመገብ ሁለት ገመድ መጠቀም ይሻላል። መብራት ሲቋረጥ ሥራው እንዳይጠፋ ዩፒኤስ የሚገዛ ሰውም ጽሑፉን በጥንቃቄ ያንብብ። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች በመሆኑ፣ እንዲህ ያለውን ካርድና የቀረውን ኮምፒዩተር በሙሉ ሥራ ላይ ሊሸከም አይችልም።

ስለ ሻጭና ስለ ገዢ

ኢቴሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ መረብ በመስከረም ወር 2022 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ የሚደረገውን ማዕድን የማውጣት ሥራ ስለተወ፣ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የነበሩ ብዙ ካርዶች ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ወጥተዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ውስጣዊ ፕሮግራማቸው ተለውጦ፣ የሜሞሪያቸው ፍጥነት ከፋብሪካው ልክ እንዲያልፍ የተደረጉ ናቸው። ስለዚህ ገዢ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ካርዱ በፋብሪካው ልክ መሆኑን እንዲያረጋግጡለት፣ በፊቱም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በከባድ ሥራ ላይ እንዲፈትኑለት ይጠይቅ። አዲስ ካርድ የሚገዛም ቢሆን፣ የየኩባንያው የዋስትና ውል ስለሚለያይ ፍጥነቱን ከመንካቱ በፊት ውሉን ያንብብ።

ኮምፒዩተር ገጣጥሞ የሚሸጥ ነጋዴም ካርዱን ኦቨርክሎክ አድርጎ ከሆነ፣ ልኩን በደረሰኙ ላይ ጽፎ፣ ወደ ፋብሪካው ልክ የሚመለስበትንም መንገድ ለገዢው አሳይቶ ቢሸጥ ለራሱ ይጠቅመዋል። ተፈትኖ ያልጸና ፍጥነትን እንደ እውነተኛ ፍጥነት መሸጥ በጎደለ ሚዛን ከመሸጥ አይለይም። ገዢው ጉድለቱን የሚያውቀው በሱቁ ውስጥ ሳይሆን ለራሱ ደንበኛ ቀጠሮ በሰጠበት ሌሊት ነውና፣ በዚያች ሌሊት የሚጠፋው የሁለት ነጋዴዎች ስም ነው።

ከፍጥነት የሚገኘው ጥቅም በመዝገብ ሊገባ የሚችለው በጽናት ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ካርዱን ለመንካት ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ መለኪያውንና መዝገቡን ያዘጋጅ፤ ፈተናውን ለመፈጸም ጊዜ የሌለው ግን ፋብሪካው በወሰነለት ልክ ቢያሠራው አንዳችም አይጎዳም።